«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ምን ማለት ነው? የሆሊውዱ አርተር ፍሪድ ያስረዳናል

ይሄን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። እድር ላይ ተጨማሪ መዋጮ ሲጠየቅ፣ ሰርግ ሲደገስ፣ ለታመመ ሰው ማሳከሚያ ሲሰበሰብ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረግ አርገው «መቼም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ፣ ከዛ በቃ ወረቀቱ መዞር ይጀምራል ሁሉም እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። አንዱን ሰው የሚያጎብጠው ነገር ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ምንም አይደለም ነው ነገሩ።

እንደ አብዛኛው ተረትና ምሳሌያችን ደራሲ የለውም፣ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው፣ ግን ከየት ሕይወት እንደተቀዳ ያስታውቃል። ሎሚ ድሮ የምትበላ ብቻ አልነበረችም፣ መንገደኛው እያሸተታት ይሄዳል፣ ጥምቀት ላይ ጎረምሳው አይኑን የጣለባት ልጅ ደረት ላይ ይወረውራታል፣ እሷም ካነሳቻት ነገሩ ሌላ ነው። አንዷን ሎሚ እጁ ላይ የያዘ ሰው ያምርበታል በቃ። ሃምሳውን ከረጢት ውስጥ ከቶ ትከሻው ላይ የጫነ ደሞ ላብ በላብ ሆኖ ነው የሚሄደው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሃምሳ የተባለው ተቆጥሮ አይደለም፣ ብዙ ለማለት ነው።

ብዙ ሰው ከ«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ጋር አንድ አርጎ ያየዋል፣ እኔ ግን ይለያያሉ ባይ ነኝ። የድሩ ተረት ስለ ጉልበት ነው፣ ተባብረህ አንበሳ ታስራለህ፣ ማን የትኛው ክር እንደሆነ ግን አይታወቅም። የሎሚው ላይ ሁሉም ሰው የራሱን ሎሚ ይዞ የራሱን ውበት ነው የሚያሳየው። እና ሌላ ሰው የማይጠይቀው ጥያቄ አለ፣ ሎሚውን ማን ነው የሚያድለው? እዚህ ጋ ነው የሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልሞች ፕሮዲውሰሩ አርተር ፍሪድ የሚመጣልኝ።

ፍሪድ በ1894 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ሳውዝ ካሮላይና ቻርልስተን ተወልዶ ሲያትል ያደገ የአይሁድ ልጅ ነው። ሥራ የጀመረው ቺካጎ ውስጥ የሙዚቃ አሳታሚዎች ዘንድ ነው፣ ያኔ ዘፈን የሚሸጠው በኖታ ወረቀት ነበርና አዲሱን ዘፈን ለገበያተኛው እየዘፈነ ወረቀቱን የሚያሻሽጥ ሰው ይቀጠር ነበር፣ እሱ እንደዛ ነበር። ከዛ ማርክስ ወንድማማቾች ከሚባሉት ኮሜዲያን ጋር መድረክ ላይ ሠራ፣ ግጥም መጻፍ ጀመረ፣ በ1920ዎቹ ውስጥ ናሲዮ ኸርብ ብራውን ከሚባል ዜማ ደራሲ ጋር ገጠመ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ግጥም እንጂ ዜማ አይሠራም። እዚህ አገርም የዘፈን ሥራ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ግጥሙ የአንዱ ዜማው የሌላው ቅንብሩ የሦስተኛው ነው፣ የግጥም ደራሲ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ወረቀት ይዞ የሚያዜምለት ፍለጋ የሚዞር ሰው ነው። ፍሪድ ሸክም ማካፈልን የተማረው እዛ ነው ባይ ነኝ፣ ገና ፕሮዲውሰር ሳይሆን።

ፊልም ድምፅ ሲያወጣ ሁለቱም ኤምጂኤም የሚባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ ገቡ። ዘፈናቸው የነበረበት ብሮድዌይ ሜሎዲ የተባለው የ1929 ፊልም ድምፅ ካላቸው ፊልሞች የመጀመሪያው የምርጥ ፊልም ኦስካር አሸናፊ ሆነ፣ በዛው ዓመት ደሞ በሌላ ፊልም «ሲንጊን ኢን ዘ ሬን» የሚለው ዘፈናቸው ወጣ። አስር ዓመት ገደማ እንደዛ ግጥም ሲጽፍ ቆየና ፕሮዲውሰር መሆን ፈለገ። 1939 ላይ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ የተባለው ፊልም ላይ ስሙ ሳይጠቀስ ረዳት ሆኖ ሠራ፣ ስቱዲዮው ውስጥ «ኦቨር ዘ ሬንቦው» የሚለው ዘፈን ይቆረጥ ሲባል መቆረጥ የለበትም ብለው ከተከራከሩት አንዱ እሱ ነው። በዛው ዓመት ጁዲ ጋርላንድና ሚኪ ሩኒ የተጫወቱበትን ቤብስ ኢን አርምስ በራሱ ስም ፕሮዲውስ አረገ፣ ፊልሙም በደንብ ሸጠ።

ከዛ በኋላ ነው ሎሚ ማደል የጀመረው። ኤምጂኤም ውስጥ «ፍሪድ ዩኒት» የሚባል ቡድን ተፈጠረ። ለሙዚቃው ሮጀር ኢደንስን ይዞ፣ ከኒውዮርክ መድረክ ዳይሬክተሩን ቪንሰንት ሚኔሊን አምጥቶ ፊልም ሳያሠራው በፊት ስቱዲዮ ውስጥ እየዞረ ሥራውን እንዲያይና እንዲለምድ ጊዜ ሰጠው፣ ዳንሰኛውን ጂን ኬሊንም ከብሮድዌይ፣ ማለትም ከኒውዮርክ ቲያትር ቤቶች፣ ከመጣ በኋላ በ1942 የመጀመሪያ ፊልሙ ላይ ከጁዲ ጋር አሰለፈው፣ ቤቲ ኮምደንና አዶልፍ ግሪን የሚባሉ ጸሐፊዎች መጡ፣ ቅንብሩ ላይ ኮንራድ ሳሊንጀር፣ ዳንሱ ላይ ቻርልስ ዋልተርስ፣ በቃ እያንዳንዱ ሙያ ባለቤት ነበረው። የሚገርመው ፍሪድ ራሱ ሐሳቡን አብራርቶ መናገር የማይሆንለት ሰው ነበር ይባላል። ዳንስ አይሠራ፣ ካሜራ አይዝ፣ ዜማ አይሠራ። የሚችለው ነገር ይሄ ሰው ለዚች ሎሚ ነው ብሎ ማየትና ከዛ ዞር ማለት ነው። አብዛኛው አለቃ ሎሚውን ሰጥቶህ እጅህን ግን አይለቅም እኮ።

እሱ ያልቻለውን ከመናገር ግን እንቆጠብ፣ ሚት ሚ ኢን ሴንት ሉዊስ (1944) ላይ አባትየው የሚዘፍኑት ዘፈን አለ፣ ድምፁ የተዋናዩ ሳይሆን የራሱ የፍሪድ ነው፣ ዘፈኑም የሱና የብራውን። ፊልም አለቃ ሆኖም ዘፈን ሻጩ ከውስጡ አልወጣም።

የዚህ ተረት ዋና ማሳያ ግን ሲንጊን ኢን ዘ ሬን የተባለው የ1952 ፊልም ነው። ፍሪድ ኮምደንና ግሪንን ጠርቶ እኔና ብራውን ድሮ የጻፍናቸው ዘፈኖች አሉ፣ እነሱን የሚያያይዝ ታሪክ ጻፉልኝ አላቸው። ታሪክ የለም፣ ገጸ ባሕርይ የለም፣ ያሉት አሮጌ ዘፈኖች ብቻ ናቸው! ጸሐፊዎቹ ዘፈኖቹ የወጡት ፊልም ድምፅ ባወጣበት ዘመን ከሆነ ታሪኩም የዛ ዘመን ይሁን አሉ፣ ኬሊና ስታንሊ ዶነን አብረው ዳይሬክት አደረጉት፣ ተዋናዩ ዶናልድ ኦኮነር ግድግዳ ላይ እየወጣ የሚገለበጥበትን ጨመረ፣ ሴቷ ተዋናይ ዴቢ ሬይኖልድስ ያኔ ገና 19 ዓመቷ ነው። ኬሊ ዝናብ ውስጥ የሚጨፍረውን ትዕይንት ሲቀረጽ ከፍተኛ ትኩሳት ነበረበት። እና ከዝናቡ ትዕይንት ላይ የሱን ድርሻ ወይ የብራውንን ዜማ ወይ የፍሪድን ግጥም ብታወጡ ምን ይቀራል? ፊልሙ ውስጥ ደሞ «በዓይነ ሕሊናዬ አይታየኝም፣ መጀመሪያ ተቀርጾ ልየው» አይነት ነገር የሚል የስቱዲዮ አለቃ አለ፣ ጸሐፊዎቹ ራሱ ፍሪድ ላይ ሲቀልዱ ነው ይባላል። ቀልዱን ሳይቆርጥ መተዉን ወድጄለታለሁ።

አንድ የማያምር ነገርም አለች፣ ኦኮነር ፊልሙ ላይ የሚዘፍነው «ሜክ ኤም ላፍ» ዘፈን ደራሲው ኮል ፖርተር ከአራት ዓመት በፊት ለፍሪድ ለራሱ ፊልም ለዘ ፓይሬት ከሠራው «ቢ ኤ ክላውን» ጋር ቁርጥ አንድ ነው። የሰው ሎሚ ነው በአጭሩ።

ሽልማቱ ላይ ብዙ አልቆይም። የፍሪድ ፊልም አን አሜሪካን ኢን ፓሪስ (1951) የምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ፣ በዛው ሥነ ሥርዓት ለፍሪድ ለፕሮዲውሰሮች የሚሰጠው የታልበርግ ሽልማት ተሰጠው፣ ሌላው ፊልሙ ጂጂ (1958) ደሞ በታጨበት ዘጠኙንም ጠራርጎ ወሰደ። ከ1963 እስከ 1967 ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ፕሬዝዳንት ነበር፣ 1973 ላይ ሞተ።

የተረቱ የመጀመሪያ ግማሽ ግን ይረሳል፣ «ለአንድ ሰው ሸክሙ» የሚለው። ዩኒቱ ውስጥ ሁሉም አንድ አንድ ሎሚ ሲይዝ ጁዲ ጋርላንድ ከረጢቱን ተሸክማ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ፊልም በፊልም ላይ፣ ዘፈኑም ዳንሱም ትወናውም ትኬት ማሸጡም በሷ፣ ነቅታ እንድትሠራ ክኒን፣ እንድትተኛ ሌላ ክኒን። ዘ ባርክሊስ ኦፍ ብሮድዌይን መሥራት ሲያቅታት ጂንጀር ሮጀርስ ገባች፣ አኒ ጌት ዩር ገንን ጀምራ ስታቋርጥ ቤቲ ኸተን ተተካች፣ ሮያል ዌዲንግም ላይ ጄን ፓወል። ሦስቱም የፍሪድ ፊልሞች ናቸው። ለቦታው ሰው ማግኘት የሚያውቅበት ሰው ስለሆነ ፊልሞቹ አልቆሙም፣ ወጡ፣ ታዩ። እሷ ግን 1950 ላይ ከኤምጂኤም ስትወጣ ገና 28 ዓመቷ ነበር።