ምሳ እቃው ባዶ መጣ ማለት ልጁ በላ ማለት አይደለም

አዲስ አበባ ደይኬር ውስጥ ነው የምሰራው፣ ጠዋት ልጆቹን ስንቀበል አንዷ እናት «ሳይጨርስ እንዳታስነሺው» ትለኛለች፣ ሌላዋ «ካልፈለገች ተያት» ትላለች፣ አንዱ አባት ደግሞ ፆም ነው እንቁላል እንዳትሰጪው ይለኛል። ሁሉም ለልጁ ብሎ ነው ግን አንዳንዱ ልክ አይደለም።

«ምሳ እቃው ባዶ ከሆነ ጠግቧል»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ልጅ 1 ዓመት ሲሞላው ክብደቱ ሲወለድ ከነበረው 3 እጥፍ ገደማ ይደርሳል፣ ከዛ በኋላ ግን በዓመት 2 ኪሎ ምናምን ነው የሚጨምረው፣ ስለዚህ እድገቱ ቀዝቀዝ ሲል የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል፣ ዛሬ ሶስት ጉርሻ በልቶ በቃኝ ያለው ልጅ ነገ ጨምሪልኝ ይላል። እቃው ባዶ ይመለስ ስትሉን ግን ሞግዚቷ ትግተዋለች፣ እያለቀሰ የሚጋት ልጅ ደግሞ ትን ሊለው ይችላል፣ ቀስ በቀስ ምግቡን ገና ሲያየው ፊቱን ያዞራል። እባካችሁ ማታ ስትመጡ «ጨረሰ?» ብቻ አትበሉን፣ ምን በላ፣ ምን ተወ ብላችሁ ጠይቁን። ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ግን ሳትቆዩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

«አጥሚት በጡጦ ከጠጣች ይበቃታል»

ቀጭን አጥሚት አብዛኛው ውሃ ነው፣ ያቺን ትንሽ ሆድ ይሞላና ለምግብ ቦታ ያሳጣታል። ከ6 ወር በኋላ ከጡት ጋር ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ገንፎ ነው የሚያስፈልጋት፣ ከ9 ወር እስከ 2 ዓመት ደግሞ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ መብላት አለባት፣ መሃል ላይ መክሰስም አለ።

«ፆም ነው፣ ልጁም ይፁም»

ቤተክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያለውን ህፃን ፁም አትለውም። አብይ ፆም 55 ቀን ነው፣ ለ2 ዓመት ልጅ ይሄን ሁሉ ቀን ያለ እንቁላልና ወተት መቆየት ብዙ ነው። እኔ እንዳየሁት ችግሩ ብዙ ጊዜ የማብሰያው እቃ ነው፣ እናትየው ራሷ ስለምትፆም ድስቷ እንዲነካካባት አትፈልግም (እውነቷን ነው)፣ ለልጁ ብቻ አንድ ትንሽ መጥበሻ ለይተው ያስቀመጡ እናቶች ግን ተገላግለዋል።

«ስጋ ካልቋጠርኩለት ደም አይኖረውም»

ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚበላው፣ የጓደኛውን ምሳ እቃ መንካቱ ደግሞ አይቀርም፣ ስለዚህ ስጋውን ቤት አብሉት። ምስርም ሽሮም ለደም የሚያስፈልገው አይረን አላቸው፣ ቲማቲም ወይ ሎሚ ጠብ ስታደርጉበት ሰውነቱ ይበልጥ ይወስደዋል፣ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ግን ይከለክለዋል።

«የታሸገ ጁስ ያው ፍራፍሬ ነው»

አይደለም፣ ስኳሩ ብዙ ነው። ሙዙን ራሱን ላኩት።

«ኦቾሎኒና ቆሎ ጥሩ መክሰስ ነው»

ለእናንተ አዎ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ጉሮሮው ላይ ሊሰነቀር ይችላል፣ ኦቾሎኒውን አልማችሁ ዳቦ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡለት። ሙሉውን ካገኘሁት አውጥቼ አስቀምጠዋለሁ፣ ማታ ስትመጡ ትወስዱታላችሁ።