የጤና ጣቢያችን ብር ከየት ይመጣል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከአያት ወደ ለገጣፎ ሲኬድ አስፋልቱ አንድ ነው፤ የጤና ጣቢያዎቹ በጀት የሚጸድቀው ግን ሁለት ቦታ ነው። ከወዲህ አዲስ አበባ፣ ከወዲያ በ2015 ዓ.ም የተመሠረተው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ። ስሙ «ሸገር» ስለሆነ አዲስ አበባ ይከፍልለታል የሚል አሁንም አይጠፋም። አይከፍልም።

«ግብራችን ፌዴራል ገብቶ ይቀራል»

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የገበሬው የእርሻ ገቢ ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የግለሰብ ነጋዴው ግብር የክልሉ ናቸው። እንዲያውም ብሩ በብዛት የሚፈሰው ከላይ ወደ ታች ነው። አብዛኛው የገጠር ወረዳ የሚሰበስበው ግብር ወጪውን አይችልም፤ ጉድለቱን የሚሞላው ከፌዴራል ለክልል፣ ከክልል ለወረዳ የሚወርደው ድጎማ ነው። አዲስ አበባ ግን በአብዛኛው በራሷ ገቢ ነው የምትተዳደረው። የወረዳው በጀት ሲደርስ ደግሞ ትልቁን ድርሻ ደሞዝ ይወስደዋል። ለመድኃኒት የሚተርፈው ጥቂት ነው።

«የካርድ ብር ፋይናንስ ስለሚገባ ነው መድኃኒት የጠፋው»

ድሮ እውነት ነበር። ከጤና ፋይናንስ ማሻሻያው ወዲህ ግን ጤና ጣቢያው ከካርድ፣ ከላቦራቶሪና ከመድኃኒት የሚሰበስበው «የውስጥ ገቢ» እዚያው ይቀራል። በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው የጤና ጣቢያው ቦርድ ነው፤ ከመንግሥት የሚመደበውም በጀት በዚህ ሰበብ አይቀነስም። ስለዚህ የመድኃኒት መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ቦርዱን መጠየቅ ይቻላል። አንዳንዴ ችግሩ የጤና መድን ክፍያ መዘግየት ነው፤ ታካሚው በመድን መታወቂያው ታክሞ ይሄዳል፣ ጤና ጣቢያው ደግሞ ብሩን ይጠብቃል። ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ብር ግን የውስጥ ገቢ ውስጥ አይገባምና መስኮቱ ላይ ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይሂዱ።

«ግብር ከፍዬ የጤና መድን ደግሞ ለምን?»

በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከግብሩ የተለየ ቋት ነው። ግብሩ ነርሷን ይቀጥራል፣ መድኑ የሕክምናውንና የመድኃኒቱን ሒሳብ ይከፍላል። «ዓመቱን ሙሉ አልታመምኩም፣ ብሬን መልሱ» የሚሉ አሉ። እድርስ ቤቱ ለቅሶ ላልገባበት መዋጮውን ይመልሳል እንዴ?

«መድኑ ለድሃ አይሆንም»

መክፈል የማይችሉትን ነዋሪው ራሱ በቀበሌ ይለያቸዋል፤ መዋጮአቸውን መንግሥት ይሸፍናል። ክትባት፣ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የቲቢ ሕክምና ደግሞ በመንግሥት ጤና ጣቢያ መድን ላለውም ለሌለውም ነጻ ናቸው።

«መድን ካለኝ በቀጥታ ጥቁር አንበሳ እሄዳለሁ»

ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር ነው። ያለ ሪፈር የሄደ ከኪሱ መክፈል ይመጣበታል። ሪፈር ይዘውም ቢሆን፣ የሚሄዱበት ሆስፒታል ከመድን ቢሯችሁ ጋር ውል እንዳለው ጤና ጣቢያው በር ላይ ሳሉ ይጠይቁ።