ማካያ ንቲኒ፦ ከምዲንጊ የመጣው ፈጣን ቦውለር

ማካያ ንቲኒ ከ1998 እስከ 2011 ለደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን የተጫወተ ፈጣን ቦውለር ነው። ለዚያ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ እሱ ነው። ስሙ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚቀድመው ይሄ ነው፤ ተገቢም ነው። ግን እዚያ ላይ ብቻ ከቆምን ዋናውን ነገር እናልፈዋለን። በአገሩ ታሪክ በቴስት ጨዋታ ከእሱ በላይ ዊኬት የወሰዱት ዴል ስቴይን እና ሾን ፖሎክ ብቻ ናቸው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሪኬት ለብዙ የአማርኛ አንባቢ እንግዳ ጨዋታ ስለሆነ ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ቦውለር ማለት ኳሷን ወርዋሪው ነው። እየሮጠ ይመጣል፣ ክንዱን ሳያጥፍ ከራሱ በላይ አዙሮ ይለቃታል። ሃያ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ተጋጣሚው ዱላውን ይዞ ይጠብቃል፤ ከኋላው ሦስት እንጨቶች ቆመዋል። ኳሷ 160 ግራም ያህል የምትመዝን ጠንካራ ቆዳ ናት። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ስትመጣ መቺው ለማሰብ ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ቢሆን ነው። መቺው ከጨዋታ ሲወጣ ቦውለሩ አንድ ዊኬት ወሰደ ይባላል፤ አሥር ዊኬት ሲወድቅ የቡድኑ የመምታት ዙር ያበቃል። መቺዎቹ የሚያገኙት ነጥብ ሩጫ ይባላል። ቴስት የሚባለው ትልቁ የጨዋታ ዓይነት፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ዙር የሚመታበት፣ እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል። ስለዚህ ፈጣን ቦውለር ፍጥነት ብቻ አይበቃውም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላም በዚያው ጉልበት መሮጥ አለበት። በየውርወራው የፊት እግሩ ላይ የሚያርፈው ጫና ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ነው። የብዙ ወጣት ቦውለሮች ጀርባና እግር የሚሰነጠቀው በዚህ ነው።

ንቲኒ የተወለደው ሐምሌ 6 ቀን 1977 በምሥራቃዊ ኬፕ፣ በኪንግ ዊሊያምስ ታውን አቅራቢያ ባለችው ምዲንጊ መንደር ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው ከብት በመጠበቅ ነው። አካባቢው ለክሪኬት ባዕድ አልነበረም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ጀምሮ የአካባቢው ሕዝብ የሆነው የኮሳ ማኅበረሰብ ጨዋታውን ሲጫወት ኖሯል። ለጥቁሮች በር የተዘጋው ብሔራዊ ቡድኑ ላይ ነበር። ቡድኑ ራሱም በአፓርታይድ ምክንያት ከ1970 እስከ 1991 ከዓለም አቀፍ ውድድር ታግዶ ቆይቷል። የአካባቢው የክሪኬት ቦርድ ሠራተኛ የነበረው ሬይመንድ ቡይ ልጁን ሲወረውር አየው፣ ጫማም ሰጠው። ከዚያ በኪንግ ዊሊያምስ ታውን ስመ ጥሩ ወደሆነው ዴል ኮሌጅ ገባ።

በጥር 1998 በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከኒውዚላንድ ጋር የመጀመሪያውን የአንድ ቀን ጨዋታ ተጫወተ። በመጋቢት ደግሞ ኬፕ ታውን ላይ ከስሪላንካ ጋር ቴስት ጀመረ። በ1999 በአስገድዶ መድፈር ክስ ጥፋተኛ ተብሎ ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት በይግባኝ ነፃ ወጣ። ወደ ብሔራዊ ቡድኑ የተመለሰው በ2000 ነው።

አወራወሩ ለየት ያለ ነበር። ኳሷን በእሱ በኩል ከቆሙት እንጨቶች ወደ ጎን በጣም ርቆ ይለቃታል፣ እሷም በሰያፍ ወደ ቀኝ እጅ መቺው ትገባለች። አንዳንዶች ይሄ አንድ መንገድ ብቻ ነው፣ መቺዎች ይለምዱታል ይሉ ነበር። በ2003 ለንደን በሎርድስ ሜዳ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ቴስት መልሱን ሰጠ። በሁለቱም ዙር አምስት አምስት ዊኬት ወሰደ። በሎርድስ በአንድ ጨዋታ አሥር ዊኬት የወሰደ የመጀመሪያው ደቡብ አፍሪካዊም ሆነ። ተንበርክኮ ሜዳውን ሳመ።

ለእኔ ከዚያም የሚበልጠው የ2005ቱ የፖርት ኦፍ ስፔን ጨዋታ ነው። የካሪቢያን አገሮች ጥምር ቡድን በሆነው በዌስት ኢንዲስ ላይ 132 ሩጫ ብቻ ሰጥቶ 13 ዊኬት ወሰደ። ሁለተኛው ዙር ላይ ያገኘው ውጤት በ37 ሩጫ 7 ዊኬት ነበር። አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ቦውለር በአንድ ቴስት ያገኘው ምርጥ ውጤት ሆኖ ተመዘገበ።

መጋቢት 2006ም የእሱ ወር ነበር። ኬፕ ታውን ላይ በአንድ ቀን ጨዋታ በአውስትራሊያ ላይ በ22 ሩጫ 6 ዊኬት ወሰደ፤ አውስትራሊያ በ93 ሩጫ ወደቀች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጆሃንስበርግ ላይ አውስትራሊያ 434 ሩጫ አስመዘገበች። ደቡብ አፍሪካ ይህን ውጤት ለማለፍ አሳደደች። የመጨረሻው ኦቨር (የስድስት ኳስ ተራ) ላይ አንድ ዊኬት ብቻ ሲቀር ዱላውን ይዞ የገባው ንቲኒ ነው፤ በመምታት የማይታወቀው ሰው። የአውስትራሊያዊውን ቦውለር የብሬት ሊን ኳስ ነካ አድርጎ አንድ ሩጫ አገኘ፣ ውጤቱም እኩል ሆነ። በቀጣዩ ኳስ የቡድን ጓደኛው ማርክ ባውቸር አራት ሩጫ የሚያስገኝ ምት መትቶ ጨዋታውን ዘጋው።

በአጠቃላይ በ101 ቴስት 390፣ በ173 የአንድ ቀን ጨዋታዎች ደግሞ 266 ዊኬት ወስዷል። በቴስት ብቻ ከ20 ሺህ በላይ ኳስ ወርውሯል። ይህን ቁጥር ከምፉኔኮ ንጋም ጋር ማነጻጸር ያስተምራል። ንጋምም ከምሥራቃዊ ኬፕ የወጣ፣ በጣም ፈጣን ወጣት ነበር፤ በጉዳት ምክንያት ከሦስት ቴስት በላይ አልተጫወተም። ንቲኒ መቶኛ ቴስቱን በታኅሣሥ 2009 ሴንቹሪየን ላይ፣ የመጨረሻውን ደግሞ በዚያው ወር ደርባን ላይ ተጫወተ። በጥር 2011 እዚያው ደርባን ላይ ከህንድ ጋር የስንብት ጨዋታ ተደረገለት። በኋላም በ2016 የዚምባብዌ ብሔራዊ ቡድን ጊዜያዊ ዋና አሠልጣኝ ነበር።

ሰው ሁሉ በጥንካሬው ያደንቀው ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሆቴሉ እስከ ስታዲየም ይሮጣል፤ ማታም እንደዚያው። በ2020 በቴሌቪዥን ቀርቦ ሌላውን ምክንያት ተናገረ። ቁርስ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ አልነበረም። የቡድን ጓደኞቹ የእራት ቀጠሮ እሱ ፊት ይይዛሉ፣ እሱን ግን አይጠሩትም። አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ሲቀመጥ እነሱ ወደፊት ይሄዳሉ። ስለዚህ ቦርሳውን ለሾፌሩ ሰጥቶ ይሮጥ ነበር፤ ይሸሽ የነበረው ብቸኝነቱን ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ሁሉም ደስ ይለው ነበር፣ ሲሸነፍ ግን መጀመሪያ የሚወቀሰው እሱ እንደነበረም ተናግሯል። ይህን ሰምቶ ወደ 390ው ዊኬት የሚመለስ ሰው ቁጥሩን በሌላ ዓይን ማየቱ አይቀርም። ንግግሩ አገሪቱ ውስጥ ትልቅ ክርክር አስነሳ። በቀጣዩ ዓመት የክሪኬት ቦርዱ በዘር አድልዎ ጉዳይ ላይ ምስክርነት የሚሰማ መድረክ ከፈተ።

ከእሱ በኋላ ሌሎች መጡ። ቴምባ ባቩማ በ2016 ለደቡብ አፍሪካ ቴስት ላይ መቶ ሩጫ ያስመዘገበ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ካጊሶ ራባዳ እና ሉንጊ ንጊዲ ፈጣን ቦውለሮች ናቸው። በሰኔ 2025 በባቩማ አምበልነት ቡድኑ ሎርድስ ላይ አውስትራሊያን አሸንፎ የዓለም የቴስት ሻምፒዮን ሲሆን ራባዳ ዘጠኝ ዊኬት ወስዷል። ራባዳ ግን የተማረው በታወቀ የግል ትምህርት ቤት ነው። ንጊዲም በስኮላርሺፕ ሒልተን ኮሌጅ ገብቶ ነው ያደገው። ጥሩ ሜዳ፣ አሠልጣኝና በቂ ምግብ ያለው በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ነው። የምዲንጊን የመሰሉ መንደሮች ልጆች አብዛኞቹ አሁንም ከዚያ ውጭ ናቸው።