በእጅ ስለተሠራ የሥጋ ቢላ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በትእዛዝ፣ በእጅ የተሠራ የሥጋ ቢላ፣ ማለትም የበሰለ ትልቅ ሥጋ የሚቆረጥበትን፣ ሲያዩ ብዙዎች ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው እጀታው ላይ ነው። ከዚያ ብረቱ ላይ ወዳለው ማዕበል የሚመስል መስመር ይሄዳል። ከዚያ አንስተው ክብደቱን ይመዝናሉ። ዋናው ነገር ግን በዓይን አይታይም፤ ብረቱ በእሳት እንዴት እንዳለፈና ስለቱ ጋ ምን ያህል እንደሳሳ ነው። ይህን ሳይጠይቁ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ያዘኑ ሰዎች ስላየሁ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«በመዶሻ የተቀጠቀጠ ቢላ ሁልጊዜ ይበልጣል»

የጋለ ብረት ሲቀጠቀጥ ማየት ደስ ይላል፤ እኔም አይቼ አልጠግብም። ነገር ግን ዛሬ ባለሙያው የሚገዛው ብረት ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ጥሩ ነው። መዶሻው ቅርጽ ያወጣለታል፣ ያን ያህል ጥራት አይጨምርለትም። ከዝርግ ብረት ተቆርጦና ተሞርዶ የተሠራ ቢላም እኩል ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተራ የካርበን ብረት 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስኪደርስ ይግላል። ቀላል መሣሪያ ይዘው የሚሠሩ ባለሙያዎች ማግኔት ያስጠጉበታል፤ ብረቱ 770 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ማግኔቱ አይስበውም፣ ያኔ ትንሽ እንደቀረው ያውቃሉ። ከዚያ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ሲወጣ በጣም ጠንካራ ነው፣ ግን እንደ ብርጭቆ ነው፤ ወለል ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እንደገና 200 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ይገባና አንድ ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ከጥንካሬው ጥቂት ይለቅና በምትኩ መሰበርን የሚቋቋም ይሆናል። ይህ ሥራ የተበላሸበት ቢላ መልኩ ምንም ቢያምር ወይ ቶሎ ይዶለዱማል ወይ ይሸረፋል። ቢላ ስታዙ ሠሪውን «ብረቱ ምን ዓይነት ነው? በስንት ዲግሪ ነው የምትሠራው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲጠየቅ ደስ ብሎት ነው የሚያወራችሁ።

«ብረቱ በጠነከረ ቁጥር ይሻላል»

የብረት ጥንካሬ ሮክዌል በሚባል ልኬት ይለካል። ብዙ የምዕራብ አውሮፓ ዓይነት የወጥ ቤት ቢላዎች ከ56 እስከ 58 ላይ ናቸው፣ ብዙ የጃፓን ቢላዎች ደግሞ 60ን ያልፋሉ። ከፍ ያለው ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ግን ጎኑን ሲጫኑት ወይም አጥንት ሲያገኘው በቀላሉ ይሸረፋል። ሥጋ ስትቆርጡ ደግሞ አጥንት መንካት አይቀርም። ለእኔ ለዚህ ሥራ ከ58 እስከ 60 ድረስ ይበቃል።

«መስመር ያለው የዳማስከስ ብረት የተለየ ይቆርጣል»

ውበቱን አልክድም። ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ብረት እየተደራረበ በእሳት ተጣብቆ የተሠራ ነው። በመጨረሻ አሲድ ውስጥ ሲገባ አንዱ ይጠቁራል፣ ኒኬል ያለበት ደግሞ ብሩህ ሆኖ ይቀራል፣ መስመሩ የሚወጣው እንዲህ ነው። በብዙዎቹ ላይ ሥጋውን የሚነካው ስለት መሐል የገባ አንድ ወጥ ብረት ነው፣ መስመሩ ጎንና ጎን ላይ ይቀራል። ስለወደዳችሁት ግዙት፣ በደንብ ይቆርጣል ብላችሁ ግን አትጨምሩበት።

«ከባድ ቢላ ጥሩ ቢላ ነው»

ለአጥንት መፍለጫ እውነት ነው። የበሰለ ትልቅ ሥጋ ለመቁረጥ ግን ተቃራኒው ነው። ቢላው ረጅም፣ ጠባብና ስስ መሆን አለበት፤ 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ። ርዝመቱ ያስፈለገው በአንድ ረጅም ስበት ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲያልፍ ነው። አጭር ቢላ ይዛችሁ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ስትሉ የሥጋው ፊት ይቦጫጨቃል፣ ፈሳሹም መክተፊያው ላይ ይቀራል። ስስነቱን ለማየት ቢላውን ከጫፉ በኩል ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱት። ከስለቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ፣ የቱንም ያህል ቢሳል ሥጋው ውስጥ ሲገባ ይከብዳል።

«የማይዝግ ብረት አይዝግም»

ስሙ ነው ያሳሳተን። ከ10.5 በመቶ በላይ ክሮሚየም ስላለው ዝገትን በደንብ ይቋቋማል፣ ግን ጨውና እርጥበት ሲያድርበት ነቁጥ ነቁጥ የሚል ዝገት ያወጣል። አንድ ወዳጄ በትእዛዝ ያሠራውን ቢላ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ጨመረው። ሲያወጣው ስለቱ ከሌላ ዕቃ ጋር ተጋጭቶ ተሸርፏል፣ የእንጨት እጀታውም ተሰንጥቋል። በእጅ ታጥቦ ወዲያው ቢደረቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የካርበን ብረት ያላችሁ ደግሞ ግራጫና ሰማያዊ ቀለም ሲያወጣ አትደንግጡ። ያ ቀለም ብረቱን በመጠኑ ይጠብቀዋል። ማጽዳት ያለባችሁ ቀዩን ዝገት ነው።

«ክቡ ዘንግ ቢላ ይስላል»

ሁላችንም ሲያደርጉት ያየነው ነው፤ ቢላውን ዘንግ ላይ ቻ ቻ ማድረግ። የብረቱ ዘንግ የሚያደርገው በአጠቃቀም ብዛት ወደ ጎን የተጣመመውን ስስ ጠርዝ ማቅናት ነው፣ አዲስ ስለት ማውጣት አይችልም። ሴራሚክና አልማዝ የተቀባው ዘንግ ግን ትንሽ ብረት ይፍቃል። ዘንጉ ቢላውን መመለስ ሲያቅተው በድንጋይ የመሳያው ጊዜ ደርሷል።

የሻካራነቱ ቁጥር 1000 የሆነ መሳያ ድንጋይ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አዘንብላችሁ አንዱን ጎን ሳሉ። ከዚያ አውራ ጣታችሁን ከቢላው ጀርባ ወደ ጠርዙ፣ ወደ ውጭ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ፤ በስለቱ ርዝመት በፍጹም አታስኬዱት። በሌላው ጎን በጣም ስስ የሆነ ሻካራ ጠርዝ ጣታችሁን ያዝ ካደረገ የሳላችሁት ጎን ደርሷል ማለት ነው፣ ገልብጡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ሳይሰማ በመገልበጡ ነው። ለሥጋ ደግሞ እንደ መስታወት እስኪያበራ ማሳመር አያስፈልግም፣ በጥቂቱ የሻከረ ስለት የሥጋውን ክር ይበልጥ ይይዛል።

በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ድንጋይ ላይ የምታስስሉ ከሆነ ጠርዙን ተመልከቱ። ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ሙቀቱ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል። የካርበን ብረት ከሆነ ባለሙያው በ200 ዲግሪ የጨረሰው ሥራ እዚያ ቦታ ላይ ተበላሽቷል፤ የተበላሸው ክፍል ተፍቆ ካልወጣ ስለቱ አይጸናም።

«ስል ቢላ አደገኛ ነው»

የዶለዶመው ነው ይበልጥ የሚያስፈራው። ስለማይገባ እጃችሁን ትጫናላችሁ፣ ሲንሸራተት ደግሞ በዚያ ጉልበት ሁሉ ነው የሚሄደው።

«እጀታውን በምግብ ዘይት ቀባ ማድረግ ነው»

የምግብ ዘይት እየቆየ ይሸታል፣ ይጣበቃልም። ለምግብ ዕቃ የሚሆን የማዕድን ዘይት ወይም ከንብ ሰም የተቀላቀለ ቅባት ተጠቀሙ። በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩትና ጠዋት የተረፈውን ጥረጉ።