ጄፔግ፣ ፒኤንጂ፣ ሮው፦ ስለ ፎቶ ፎርማት የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች

«ፎቶ ለማስቀመጥ የትኛው ፎርማት ነው ምርጡ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ፎርማቶቹ በደረጃ የተደረደሩ ያስመስላል፤ ጄፔግ ከታች፣ ፒኤንጂ መሃል፣ ሮው (ካሜራው ሳይሠራበት የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ከላይ። እንደዚያ አይደሉም። ፎርማቶችን የሚለያቸው ከፎቶው ላይ ምን እንደሚቀነስና መቼ እንደሚቀነስ ነው። ብዙው የተሳሳተ ወሬ የሚመጣው ይህን ካለማየት ነው።

«ጄፔግ በተከፈተ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል»

ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ዕድሜው የረዘመው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው።

ጄፔግ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ መስፈርት ነው። ዋና ብልሃቱ ዓይናችን ብዙም የማያስተውለውን ነገር መርጦ መጣል ነው። የሰው ዓይን የብርሃንን ልዩነት በደንብ ይለያል፤ በቀለም ላይ ግን ሰነፍ ነው። ስለዚህ ጄፔግ ብዙውን ጊዜ የብርሃኑን መረጃ ለእያንዳንዱ ፒክስል (ምስሉ ለተሠራበት ትንሽ ነጥብ) ለየብቻ ይይዝና ቀለሙን ለአራት ፒክስል አንድ አድርጎ ይመዘግባል። ከዚያ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍላል። በየካሬው ያለውን ደቃቅ ዝርዝር ደግሞ በመረጣችሁት የጥራት መጠን ልክ ያጠጋጋዋል። አንዴ የተጣለ ነገር አይመለስም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ ብቻ ነው። መክፈት፣ ማየት፣ ኮፒ ማድረግ፣ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ምስሉን ቅንጣት አይነካውም። አንድን ጄፔግ ሺህ ጊዜ ብትከፍቱት ያው ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከፍታችሁ፣ ኤዲት አድርጋችሁ፣ መልሳችሁ እንደ ጄፔግ ስታስቀምጡት ነው።

እሱም ቢሆን ሁሌ እኩል አይጎዳም። ምንም ሳትነኩ በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው የጥራት መጠን ደጋግማችሁ ብታስቀምጡት ከጥቂት ዙር በኋላ የሚጨመረው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ቁጥሮቹ አስቀድመው ተጠጋግተዋልና። ፎቶውን ከዳር ስትቆርጡት ወይም መጠኑን ስትቀይሩት ግን እነዚያ ካሬዎች ከቦታቸው ይንሸራተታሉ፣ ማጠጋጋቱም እንደ አዲስ ይጀመራል። ቀድሞ የሚጋለጠው ጽሑፍ ያለበት ቦታና ከሰማይ ጋር የሚዋሰን የሕንፃ ጠርዝ ነው። ዙሪያው በነጠብጣብ ይቆሽሻል።

ፎቶ ማዞርስ? አብዛኛው የዛሬ ፕሮግራም ጄፔግን ሲያዞር ፒክስሉን አይነካም፤ «ይህ ፎቶ በዚህ በኩል ይታይ» የሚል ምልክት ብቻ ፋይሉ ላይ ይጽፋል። አንዳንዴ ስልክ ላይ ቀጥ ያለው ፎቶ ሌላ ቦታ ተጋድሞ የሚታየው ያኛው ፕሮግራም ምልክቱን ስለማያነብ ነው።

ስለዚህ ኦሪጅናሉን አትንኩት፣ ኤዲቱ በቅጂው ላይ ይሁን። ሥራው እስኪያልቅ በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ በራሱ ፎርማት ወይም ምስልን ሳያጠፋ መያዝ በሚችለው ቲፍ በተባለ ፎርማት አቆዩት። ጄፔግ የሚሆነው መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጊዜ ነው።

«ጄፔጉን ወደ ፒኤንጂ ብለውጠው ጥራቱ ይጨምራል»

አይጨምርም። ግማሽ ሊትር ውሃ ከጆግ ወደ በርሜል ብትገለብጡት ያው ግማሽ ሊትር ነው። ፒኤንጂው የጄፔጉን ምስል፣ ከነነጠብጣቡ፣ በታማኝነት ይይዘዋል። የሚያድገው የፋይሉ መጠን ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ በብዙ እጥፍ።

«ጥራት ይጨምራል» ብለው በደቂቃ የሚለውጡ ድረ ገጾችም ከዚህ የተለየ ነገር አይሠሩም። አንዳንዶቹ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የጠፋውን ዝርዝር ገምተው ይሞላሉ። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የተሞላው ግምት እንጂ ካሜራው ያየው ነገር አይደለም።

«ፒኤንጂ ምንም ስለማያጠፋ ለፎቶም እሱ ይሻላል»

ምንም አያጠፋም የሚለው ልክ ነው። ፒኤንጂ የሚጨምቀው የሚደጋገም ነገር እየፈለገ ነው። መቶ ነጭ ፒክስል በተከታታይ ካለ መቶውንም አይጽፍም፣ «ነጭ፣ መቶ ጊዜ» የማለት ያህል ያሳጥረዋል። ሲፈታ አንድም ነገር አይጎድልም።

ታዲያ ፎቶ ውስጥ የሚደጋገም ነገር የት አለ? አንድ ወጥ የሚመስለው ሰማይ እንኳ ቀርባችሁ ስታዩት እያንዳንዱ ፒክስል ከጎረቤቱ በትንሹ ይለያል። የካሜራው ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) የራሱን ብናኝ፣ ማለትም በዘፈቀደ የተበተነ ነጠብጣብ፣ ይጨምርበታል። ፒኤንጂ ያን ሁሉ ብናኝ እንደ ውድ ዕቃ ይሸከመዋል።

እስቲ እናስላው። የ24 ሜጋፒክስል (24 ሚሊዮን ፒክስል) ፎቶ ሳይጨመቅ፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ሲያዝለት፣ 72 ሜጋባይት ይሆናል። ጥሩ ጥራት ያለው ጄፔግ ይህን ወደ 10 ሜጋባይት አካባቢ ሊያወርደው ይችላል። በፒኤንጂ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በተለመደው መጠን ስታዩ ልዩነቱን መለየት ከባድ ነው።

የፒኤንጂ ቤቱ ሌላ ነው፦ ስክሪንሾት፣ ሎጎ፣ ሰንጠረዥ፣ ጽሑፍ ያለበት ምስል፣ ባክግራውንዱ የጠፋለት ሥዕል። እዚያ ጄፔግን ያስንቃል። ስክሪንሾት በጄፔግ ሲቀመጥ ፊደሎቹ ዙሪያ ይቆሽሻል፤ ፋይሉም አንዳንዴ ከፒኤንጂው ይበልጣል። ፒኤንጂ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣው ለፎቶ ታስቦ አልነበረም። የተፈለገው ጂፍን እንዲተካ ነበር። ጂፍ 256 ቀለም ብቻ ነው የሚይዘው፤ የሚጨመቅበት ዘዴ ላይ ደግሞ በወቅቱ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) ጥያቄ ተነስቶበት ነበር።

«ጄፔግን 100 ላይ ካስቀመጥኩት ምንም አይጠፋም»

ይጠፋል፣ ትንሽ። 100 ማለት መቶ በመቶ ማለት አይደለም፤ ያ ፕሮግራም የሚችለው የመጨረሻው ዝቅተኛ ማጠጋጋት ማለት ነው። የቀለም ለውጡና ስሌቱ እዚያም ላይ ጥቂት ያጠፋሉ። በዚያ ላይ የ100ው ፋይል ከ90ው እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፣ ዓይን ግን ልዩነቱን አያገኘውም። እኔ ለማጋራት ከ85 እስከ 90 ባለው እረካለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሩ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። የአንዱ 80 የሌላው 80 አይደለም። ፎቶሾፕ አንዱ ቦታ ላይ ከ0 እስከ 12፣ ሌላው ቦታ ላይ ከ0 እስከ 100 ይጠቀማል።

«ሮው ማለት ጥራቱ ከፍ ያለ ፎቶ ማለት ነው»

ካሜራ በገዙ ሰዎች ዘንድ በጣም የተስፋፋው ይህ ነው። ብስጭቱም ከዚህ ይመጣል፤ «ሮው አንስቼ ፎቶው ለምን ደበዘዘ?» ይባላል።

ሮው ገና ፎቶ አልሆነም። ሴንሰሩ የቆጠረው የብርሃን መጠን ነው። በአብዛኛው ካሜራ እያንዳንዱ ፒክስል የሚቆጥረው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱን የጎደሉትን ፕሮግራሙ ከጎረቤቶቹ አይቶ ይሞላል። አንድ የ24 ሜጋፒክስል ሮው በ14 ቢት (ለእያንዳንዱ ፒክስል 14 የዜሮና የአንድ አኃዝ ይዞ) ሳይጨመቅ 42 ሜጋባይት አካባቢ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ያው ፎቶ ሙሉ ቀለም ኖሮት በ16 ቢት ቲፍ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ 144 ሜጋባይት ይይዛል። «ትልቅ ፋይል ማለት ብዙ መረጃ ማለት ነው» ለሚሉ ሰዎች ይህን ማሳየት ደስ ይለኛል፤ ቲፉ የተሠራው ከዚያው ከትንሹ ሮው ነው።

ጄፔግ ስታነሱ ካሜራው የቀለም ሚዛኑን፣ ንፅፅሩን፣ ጥርቱን ራሱ ወስኖ የቀረውን ይጥለዋል። ሮው ስታነሱ ውሳኔው ወደ እናንተ ይተላለፋል። ሮው ደብዛዛ የሚመስለው ገና ማንም ስላልወሰነለት ነው። ቁጭ ብሎ የሚወስን ሰው ከሌለ ጄፔጉ ያምራል፤ ይህን ለማለት ማፈር አያስፈልግም።

ጥቅሙ ታዲያ ምንድን ነው? ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ አለው። የ14 ቢት ሮው 16,384 ደረጃ አለው። ጨለማ የዋጠውን ፊት ስታደምቁት፣ በአምፖል ብርሃን ቢጫ የሆነውን ክፍል ስታርሙ ያ ሁሉ ደረጃ ይጠቅማል። ጄፔግን እንደዚያ ብትጎትቱት ሰማዩ በመስመር በመስመር ይሰነጠቃል።

ተአምር ግን የለም። ብርሃን በዝቶበት ሴንሰሩ ሞልቶ የፈሰሰበትን ቦታ ሮውም አይመልሰውም፤ ያልተመዘገበ ነገር አይወጣም። ከፎከስ የወጣንም አያስተካክልም። ደግሞ «ሮው አይጨመቅም» የሚባለውም ሁሌ እውነት አይደለም። አንዳንድ ካሜራዎች ትንሽ መረጃ እያጠፉ የሚጨምቁበት የሮው አማራጭ አላቸው፤ ሴቲንጉን ማየት ነው።

የካኖን፣ የኒኮን፣ የሶኒ ሮው እያንዳንዱ የራሱ ፎርማት ነው፤ አዲስ ካሜራ ሲወጣም የድሮው ፕሮግራም ላያነበው ይችላል። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2004 ዲኤንጂ የተባለውን ክፍት ፎርማት ያወጣው ይህን ለማቃለል ነበር። ሮውን ወደ ዲኤንጂ መለወጥ ይቻላል። ጄፔግን ዲኤንጂ ውስጥ ብትከቱት ግን ሮው አይሆንም።

«የፋይሉን ስም መጨረሻ ብቀይረው ፎርማቱ ይቀየራል»

ስሙ ይቀየራል፣ ውስጡ ያው ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች አይተው እውነተኛውን ፎርማት ስለሚያውቁ ይከፍቱታል፤ ሰዎች የተለወጠ የሚመስላቸውም ለዚህ ነው። ጥብቅ የሆነው ፕሮግራም «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላችኋል። ለመለወጥ ከፍቶ በሌላ ፎርማት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። መጨረሻው በሦስት ፊደል «ጄፒጂ» ወይም በአራት ፊደል «ጄፒኢጂ» መሆኑ ግን ምንም ልዩነት የለውም።

«ለህትመት 300 ዲፒአይ መሆን አለበት»

ዲፒአይ በአንድ ኢንች ላይ የሚታተም የነጥብ ብዛት ነው፤ 300 ዲፒአይ ብቻውን ግን ምንም አይነግርም። ፋይሉ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ነው፤ 72 የሚለውን ወደ 300 ብትቀይሩት አንድም ፒክስል አይጨመርም። ቁም ነገሩ ስንት ፒክስል አለ፣ ምን ያህል ወረቀት ላይ ይታተማል የሚለው ነው። 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሲታተም 51 በ34 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ከሩቅ ለሚታይ ትልቅ ባነር ከዚያ በጣም ያነሰም ይበቃል።

ህትመት ከተነሳ፣ ቲፍም ሁሌ ጥራት የማያጠፋ አይደለም። ቲፍ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ያልተጨመቀም፣ ሳይጠፋ የተጨመቀም፣ በጄፔግ ዘዴ የተጨመቀም ምስል ሊገባበት ይችላል።

«ኤችኢአይሲ አልከፍት ስላለኝ መጥፎ ፎርማት ነው»

አለመከፈቱ ያናድዳል፣ አምናለሁ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 ከአይኦኤስ 11 ጋር አይፎን ላይ ያስገባው ፎርማት ነው። የሚጨምቀው ለቪዲዮ በተሠራ አዲስ ዘዴ ሲሆን በተቀራራቢ ጥራት የጄፔግን ግማሽ ያህል ቦታ ብቻ ይወስዳል። ጄፔግ ከሚይዘው በላይ የቀለም ደረጃም መያዝ ይችላል። ችግሩ የሚከፍተው ዕቃ ላይ ነው፤ ዘዴው ፓተንት ስላለበት ሁሉም በነፃ አያስገባውም። አይፎን ላይ በካሜራ ሴቲንግ ውስጥ የፎርማት ምርጫው ገብታችሁ ወደ ጄፔግ መመለስ ትችላላችሁ። ሁሉንም የቆዩ ፎቶዎች ለውጦ ኦሪጅናሉን ማጥፋት ግን አያስፈልግም፤ ለሰው ስትልኩ ቅጂውን ለውጡ።

ከኢንተርኔት ስታወርዱ የሚመጣው ዌብፒም ተመሳሳይ ወቀሳ አለበት። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ድረ ገጾች ቶሎ እንዲከፈቱ ነው፣ ሥራውንም በደንብ ይሠራል። የቤተሰብ ፎቶ ለዓመታት ለማኖር ግን እኔ ባልመርጠውም አልፈራውም።

«በቴሌግራም የላኩት ፎቶ ያው ኦሪጅናሉ ነው»

ፎርማቱን በስንት ጥንቃቄ መርጣችሁ እዚህ ላይ ትሸወዳላችሁ። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ «ፎቶ» ብላችሁ ስትልኩ መጠኑን ቀንሰው እንደገና ይጨምቁታል። ሁለቱም በ«ፋይል» ወይም በ«ዶኩመንት» መልክ መላክ ይፈቅዳሉ፤ ያኔ እንዳለ ይደርሳል። ለማተሚያ ቤት የሚሄድ ፎቶ በዚህ መንገድ ካልሄደ ማተሚያ ቤቱን መውቀስ አይቻልም።

እንዳለ ይደርሳል ሲባል ግን ከነሙሉ መረጃው ነው። ፎቶው የተነሳበት ሰዓት፣ የስልኩ ሞዴል፣ ሎኬሽን በርቶ ከነበረም የተነሳበት ቦታ ኤግዚፍ በሚባለው ክፍል ውስጥ ተጽፎ አብሮ ይሄዳል። ለማታውቁት ሰው ፋይል አድርጋችሁ ከመላካችሁ በፊት በስልካችሁ የፎቶ ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ ቦታውን አጥፉት።