አሮጌ ዕዳን መቃወምና የብድር ታሪክ በአዲስ አበባ ዳርቻ

አሮጌ ዕዳን መቃወም ማለት ተበዳሪው «ዕዳው የኔ አይደለም»፣ «ከፍዬ ጨርሻለሁ» ወይም «ሂሳቡ ተሳስቷል» ብሎ አበዳሪው ያስመዘገበው መረጃ እንዲስተካከል ሲጠይቅ ነው። ጉዳዩ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ይነሳል። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ባሉት በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎና በሱሉልታም እንዲሁ። እዚህ የሚኖረው ብዙ ሰው ከመሀል ከተማ የመጣ ነው። የድሮ ብድሩ የተመዘገበው በድሮ ቀበሌውና በድሮ ስልኩ ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም የሚላከው ወደዚያው አድራሻ ነው። ሰውየው ዕዳ እንዳለበት የሚሰማው አዲስ ብድር ሲጠይቅ ነው።

ከፍትሐ ብሔር ሕጉ በፊት የብድር ክርክር በአብዛኛው በዋስና በሽማግሌ ያልቅ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ዛሬም የክርክሩ ዋና መሠረት ነው፤ ተበዳሪን የሚጠብቁ ድንጋጌዎቹም ጥሩ ናቸው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። አንቀጽ 1845 ደግሞ፣ ሌላ ሕግ የተለየ ጊዜ ካልወሰነ፣ ከውል የሚነሳ ክስ በ10 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ለክስ የተወሰነው ጊዜ በማለፉ፣ እንደሚታገድ ይናገራል። ጊዜው የሚቆጠረው ዕዳው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ብድሩ የተወሰደበት ቀን አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። በአንቀጽ 1851 መሠረት ተበዳሪው ዕዳውን ካመነ ይርጋው ይቋረጣል። ወለድ መክፈል፣ ትንሽም ብትሆን ከዋናው ገንዘብ መክፈል ወይም ዋስ መስጠት እንደ ማመን ይቆጠራል። ያን ጊዜ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። «ለጊዜው 1000 ብር ጣል አድርግና እንነጋገራለን» የሚለው ግብዣ ቀላል ቢመስልም ቀላል ያልሆነው ለዚህ ነው። በተጨማሪ ዳኛው ይርጋን በራሱ አያነሳም። ተከሳሹ ራሱ መቃወሚያ አድርጎ ማቅረብ አለበት። መጥሪያ ደርሶት ዝም ያለ ሰው ይህን መብቱን ያጣል።

ይርጋ የሚያግደው ክሱን ነው። የብድር መዝገቡን ይሰርዛል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። አበዳሪዎች ያልተከፈለ ያልተከፈለ ነው ይላሉ። ተበዳሪዎች ደግሞ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ የማይችል ዕዳ ሰውን ዕድሜ ልኩን ሊያሳድደው አይገባም ይላሉ። የሁለተኛው ወገን ክርክር የበለጠ ሚዛን ይደፋል።

የመዝገቡ ባለቤት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ነው። ማዕከሉ በፈረንጆቹ 2012 በወጣ መመሪያ ተጠናክሯል። ባንኮች አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት የደንበኛውን ታሪክ ከዚያ ያያሉ። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር በባንኮች ዘንድ እንደ ተበላሸ ብድር ይቆጠራል። የሚጎዳውም ይህ ምልክት ነው እንጂ መቃወሙ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች የሚያወሩት ክሬዲት ስኮር፣ ማለትም የተበዳሪው ታሪክ በነጥብ የሚለካበት፣ ሌላ ሥርዓት ነው። እዚያ መጥፎ መረጃ በአብዛኛው ከ7 ዓመት በኋላ ከሪፖርት ይወጣል፤ ለቀረበ ተቃውሞም ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ ይሰጣል። ያን ቁጥር እዚህ ማሰብ ያሳስታል።

መረጃውን የላከው አበዳሪው ስለሆነ ማስተካከያውም ከእሱ ይጀምራል። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይጻፋል፤ አንዱ ገቢ ተደርጎ ማህተም ይመታበታል። የብድሩ ስቴትመንት (የሂሳቡ ዝርዝር መግለጫ) እና የመጀመሪያው ውል ይጠየቃል። ሂሳቡ እስኪጣራ ድረስ አዲስ የአከፋፈል ስምምነት አለመፈረም ይሻላል። ዕዳው እውነት ከሆነ ግን መክፈልና ክሊራንስ፣ ማለትም ከዕዳ ነጻ መሆንን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ፣ መያዝ ነው። ደረሰኝ ብቻውን አይበቃም፤ የአበዳሪው መዝገብ መዘጋት አለበት።

የቡድን ብድር ለብቻው መታየት አለበት። አዲስ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ1992 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቤትና መኪና የማያስይዙ እናቶች በቡድን ተበድረው፣ እርስ በርስ ዋስ ሆነው ሠርተዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከተማዋ ከዳር እስከ ዳር የምትነግደው በእነሱ ጉልበትም ነው። ጣጣው አንዷ ስትጠፋ ነው፤ ቀሪዎቹ ይከፍላሉ። የከፈለ ዋስ በሕግ ገንዘቡን ከዋናው ተበዳሪ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ዋሱ ስለ ማን ዕዳ እንደከፈለ የሚገልጽ ደረሰኝ በስሙ ይውሰድ።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ያስጀመረው ቴሌብር መላ ብድሩን በስልክ አድርጎታል። የብድር ጣሪያው በደንበኛው አጠቃቀም ይወሰናል። እዚህም የማያውቁት ዕዳ ከታየ ቅሬታውን ቶሎ ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

የስም መመሳሰል ሌላው የስህተት ምንጭ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ይህን ሊያቃልል ይችላል። ከፋይዳ በፊት የተበደረ ሰው ግን የድሮ ሂሳቡ ከፋይዳ ቁጥሩ ጋር በትክክል መያያዙን አበዳሪው ቅርንጫፍ ሄዶ ቢያረጋግጥ ይጠቅመዋል።