ሲክስዝ ማን ማለት «ስድስተኛ ጎበዝ» ማለት አይደለም
ብዙ ሰው በባስኬት «ሲክስዝ ማን» ሲባል በችሎታ ስድስተኛ የሆነ ልጅ ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም። ጨዋታ የሚጀምሩት 5 ናቸው፣ ከተቀያሪ ወንበር ቀድሞ የሚገባው 6ኛ ይሆናል፣ በቃ ስሙ ከዛ ነው የመጣው። እንደውም አሰልጣኙ ሆን ብሎ ነው ጎበዙን የሚያስቀምጠው፣ ቋሚዎቹ ሲደክማቸው ወይ ፋውል ሲበዛባቸው በትኩስ ጉልበት እንዲገባ። የ2018ቱን የአሜሪካ ኮሌጆች ፍጻሜ ያየ ሰው ይገባዋል፣ ቪላኖቫ ከሚሺጋን ጋር ሲጀምሩ ትንሽ ተንገዳግደው ነበር፣ ከዛ የቪላኖቫው ዶንቴ ዲቪንቼንዞ ከወንበር ተነስቶ ገባና 31 ነጥብ አስቆጠረ (18ቱን ገና በመጀመሪያው አጋማሽ!)፣ ቪላኖቫ 79 ለ 62 አሸነፈ፣ ኮከብ ተጫዋችም እሱ ተባለ፣ ቋሚ ተሰላፊ እንኳን ሳይሆን። ኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል የባስኬት ሊግ) ላይ ደግሞ የሲክስዝ ማን ሽልማት ለማግኘት፣ ከወንበር ተነስተህ የገባህባቸው ጨዋታዎች በቋሚነት ከጀመርካቸው መብለጥ አለባቸው።